ኦሪሲያ፣ ግሌኒስና የምድር ቤቱ ምድጃ

እልል በሉ፣ በነፃ ተለቀቀች! ዛሬ ጠዋት ፍርዱ ወጣ፤ ምንም ጥፋት የለባትም፣ ባለችበት ትቀመጥ ተባለ። ላርክሜድ ሰፈር እንዲህ ሲፈነድቅ አይቼ አላውቅም። የካናዳዋ ካልጋሪ ሰው ደስታውን ቤቱ ውስጥ ዘግቶ ነው የሚጨርሰው፤ ዛሬ ግን በዚያ ብርድ ሰዉ በካልሲና በነጠላ ጫማ በረንዳ ላይ ወጥቶ ከማዶ ወደ ማዶ ይጯጯህ ነበር።

የተለቀቀችው ማን ናት ካላችሁ፣ ምድጃ ናት። ነጭ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በሯ ሲከፈት የምትጮህ፣ ከአራቱ ማብሰያዎቿ አንዱ ከሞተ ዘመን ያለፈው። የምትኖረው በኦሪሲያ ሐውሪሉክ ቤት፣ ከመሬት በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በእሷ ሰበብ የሰፈሩ ሁሉ ውል ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ የምሥራቹ የኦሪሲያ ነው። ጠበቃዋ ደውለው፣ "ረታን፣ ወይዘሮ ሐውሪሉክ!" ሲሏት ግን ኦሪሲያ እልል አላለችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣

"ግሌኒስ ሰማች?" ብላ ጠየቀች።

ለምን እንዲህ እንዳለች ለማወቅ ነገሩን ከሥሩ መያዝ ነው።

ኦሪሲያ ላርክሜድ የገባችው ሙሽራ ሆና ነው። ከዩክሬን መጥተው ከኤድመንተን ባሻገር መሬት ያቀኑ ገበሬዎች ልጅ ናት። ባሏ ሜትሮ አናጺ ነበር፤ እሷ ደግሞ ጡረታ እስክትወጣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ ኖረች። ቤቷ አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው ዝቅ ያለ ቤት ነው፤ ከላይ ሦስት ክፍል፣ ከታች ምድር ቤት። የነሱ ወገኖች ቤት ደግሞ ሁለት ማድ ቤት ካልኖረው ቤት አይባልም። የላይኛው ለዓይን ነው፤ ድስቱ እንደ መስታወት ያበራል፣ ፎጣው ተተኩሶ ይሰቀላል፣ እንግዳ ሲመጣ ሻይ ይፈላበታል። እውነተኛው ሥራ ያለው ከታች ነው። ጎመኑ የሚቀቀለው፣ ሽንኩርቱ የሚቁላላው፣ ኪያሩ በጨውና በእንስላል በየጠርሙሱ የሚታሸገው፣ ለገና ፒሮሂ የሚባለው ድንች የተሞላ ሊጥ የሚቀቀለው እዚያ ነው። ኦሪሲያም ገና ሙሽራ ሳለች፣ "ምድጃ ምድር ቤት ካላስገባህልኝ የላይኛው ቤቴ ጎመን ጎመን ይሸታል" ብላ ሜትሮን ያዘችው።

ምድጃዋ ስትገባ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረች። ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለች። ያን ጊዜ ነው ከጎን ካለው ቤት ኤምሊን ፕሪቻርድ እጅጌውን ሰብስቦ የመጣው። ኤምሊን ከላይ ሲገፋ፣ ሜትሮ ከታች ሲጎትት፣ ግሌኒስ የምትባለው የኤምሊን ሚስት በጎን በር ብቅ ብላ፣ "የኔው ባል ከታች ቢሆን ይሻል ነበር፤ የሕይወት ኢንሹራንሱ እኔ ዘንድ ነው" አለች። ኦሪሲያ ከሳቋ ብዛት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ወዳጅነቱ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ግሌኒስ የፒያኖ አስተማሪ ነበረች። ምላሷ ስለት ነው፤ ሆዷ ግን ገር ነው ይሏታል። የሁለቱ ሴቶች ነገር ሰፈሩ ውስጥ የታወቀ ነበር። የአንዷ ቤት ቁልፍ የሌላዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። በረዶ ባደረ ጠዋት ቀድማ የነቃችው የሁለቱንም ደጃፍ ጠርጋ ትገባለች፤ ሁለተኛዋ ስትወጣ ተጠርጎ ታገኘውና፣ "ሌባ! ሥራዬን ሰረቅሽኝ" ብላ በመስኮት ትሰድባታለች። ሜትሮ ሲሞት ግሌኒስ ናት አስከሬኑን አብራት የጠበቀችው። ኤምሊን ሲሞትም ኦሪሲያ።

አሁን ደግሞ ስለ ውሉ። ላርክሜድ መጀመሪያ ተሸንሽኖ ሲሸጥ፣ መሬቱን የሸነሸነው ሰው በየቤቱ ካርታ ላይ አንድ ቃል አስጽፎበት ነበር፦ በአንድ ቦታ ላይ አንድ ቤት፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ቤተሰብ። ዶሮ ማርባት ክልክል ነው፣ ርግብ ማርባት ክልክል ነው። ይህ ቃል ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስር ነው፤ ቤቱ ቢሸጥም አብሮ ይሸጣል፣ አንዱ ቢያፈርሰው ሌላው ይከሰዋል። ማዘጋጃ ቤት እንኳ ሊፍቀው አይችልም። ሜትሮ እስኪሞት ድረስ ርግብ አምሮት ቀረ። እራት ላይ ሹካውን እያወዛወዘ፣ "መሬት ገዛሁ ብዬ እስር ቤት ገዛሁ!" ይል ነበር።

ባለፈው ዓመት ከኦሪሲያ ቤት በስተደቡብ የሚኖሩት ሽማግሌ ሞቱ፤ ልጆቻቸው ቤቱን ለአንድ አልሚ፣ አሮጌ ቤት አፍርሶ አዲስ እየሠራ ለሚሸጥ ነጋዴ፣ ሸጡት። ወዲያው ደጃፉ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተተከለ። ሥዕሉ ላይ ሦስት ፎቅ፣ ስምንት በር፣ ከየበሩ ብስክሌት ይዘው የሚወጡ ቀጫጭን ሰዎች አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ቤት ይሠራ ብሎ ፈቅዷል።

ኦሪሲያ ሰሌዳውን አየችና ሄዳ ጓሮዋ መሐል ቆመች። በዚህ አገር ፀሐይ ከደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። ሦስት ፎቅ በደቡብ ቆመ ማለት ነጭ ሽንኩርቷ፣ ቀይ ሥሯ፣ እንስላሏ፣ የሜትሮ የፖም ዛፍም ጭምር ከዓመት እስከ ዓመት ጥላ ለበሰ ማለት ነው። ከዚያ ጓሮ ሌላ ደግሞ ምን አላት? ልጅ አልወለደች። የያዘችው ነገር ሁሉ እዚያ አፈር ውስጥ ነው።

ግሌኒስ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"ሥዕሉን አየሽው?" አለች። "አንድ ወፍራም ሰው እንኳ የለበትም። እኔና አንቺን ሲያዩን ፖሊስ ነው የሚጠሩብን።"

"ግሌኒስ፣ ያ ሜትሮን ርግብ የከለከለው ውል እኮ አለ።"

"ታዲያ ርግብ ያስቆመ ውል ስምንት በር ማስቆም ያቅተዋል? ኮትሽን ልበሽ፣ እንሂድ!"

ሁለቱ አሮጊቶች ክረምቱን በር ለበር ዞሩት። ኦሪሲያ ታስረዳለች፣ ግሌኒስ ታስቃለች። የላይኛው መንገድ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት ብቻ ነው ፊት የነሳቸው። "እናንተ በኔ ዕድሜ ሳላችሁ ቤት ገዝታችኋል። አሁን በሩን ከውስጥ ከዘጋችሁት እኛ የት እንግባ?" አላቸው። ኦሪሲያ ክው አለች፤ ምክንያቱም ልጁ ልክ ነው። "ጥያቄህ ደግ ጥያቄ ነው፣ ልጄ። እኔ ግን ያለኝ አንድ ጓሮ ነው" አለችው። ግሌኒስ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት፦ "ነይ ባክሽ፣ ልክ ከሆነ ሰው ጋር ክርክር አይገጠምም፤ ይመሽብናል።"

ሰፈሩ ተባበረ። ጠበቃ ያዙ፤ ጠበቃ ፋርኳር የሚባሉ ቀጠን ያሉ ሰው። ጉዳቱ የሚበዛው አጥር ለአጥር በምትዋሰነው በኦሪሲያ ላይ ስለሆነ ክሱ በእሷ ስም ይቅረብ ተባለ። ቀረበ።

ከዚያ በኋላ ግሌኒስ መራቅ ጀመረች። "ጉልበቴን አመመኝ" አለች፣ "ብርዱ ጎዳኝ" አለች። ኦሪሲያም በየማለዳው የሁለቱን ደጃፍ ብቻዋን ትጠርግ ጀመር፤ ሾርባ በጠርሙስ እያደረገች ትወስድላት ነበር።

አንድ ቀን ጠበቃው ቢሯቸው ጠሯት። ስትገባ ተነስተው ወንበር ሰጧት፤ ግን ዓይኗን አያዩም።

"ወይዘሮ ሐውሪሉክ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ምድር ቤትዎ ውስጥ ምድጃ አለ?"

"አለ።"

"ከላይስ ሌላ አለ?"

"እንዴት አይኖርም! ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ምኔን ላሳይ?"

ጠበቃው መነጽራቸውን አወለቁ። "ከታች ሰው ኖሮበት ያውቃል?"

"ኢቮር ነበር፣ የግሌኒስ ልጅ። ሚስቱ ያስወጣችው ጊዜ።"

"ኪራይ ይከፍል ነበር?"

"ኪራይ?" ኦሪሲያ ሳቀች። "ያ ልጅ ሲመጣ ሁለቱ ካልሲዎቹ እንኳ አንድ ዓይነት አልነበሩም።"

ጠበቃው አልሳቁም። የአልሚው ወገን ያቀረበውን ቀስ አድርገው አስረዷት። ውሉ አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ ይላል። እሷ ግን ሁለተኛ ማድ ቤት ከፍታ፣ ሁለተኛ ቤተሰብ በሌላ በር አስገብታ አኑራለች፤ ራሷ ያፈረሰችውን ውል ሌላ ሰው ያክብርልኝ ልትል አትችልም ነው የሚሉት። ዳኛው ይህን ከተቀበሉ ክሱ ይወድቃል፣ ከክሱ ጋር ውሉም፣ ከውሉ ጋር ሰፈሩም።

"እኔ ምድር ቤት ገብቶ ያየ ማነው?" አለች ኦሪሲያ። "ማን ነገራቸው?"

"ቃለ መሐላ የሰጠ ሰው አለ። ወይዘሮ ግሌኒስ ፕሪቻርድ።"

"ሌላ ግሌኒስ ትሆናለች" አለች ኦሪሲያ ወዲያው። አለችና የተናገረችው ነገር ራሷን አስደነገጣት፤ ግሌኒስ ፕሪቻርድ የሚባል ስንት ሰው ኖሮ?

ጠበቃው ከወረቀቱ ጋር የተያያዘ ፎቶ ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። የኢቮር ልደት ነው። የኦሪሲያን ሽርጥ ወገቡ ላይ አስሮ፣ ማንኪያ ይዞ፣ ምድጃዋ ፊት ቆሞ ይስቃል። ፎቶውን ያነሳችው ኦሪሲያ ናት። አሳጥባ፣ ፍሬም አስገብታ፣ ለገና ለግሌኒስ የሰጠችውም ኦሪሲያ ናት።

"'ልጄ ራሱን ችሎ፣ በራሱ ማድ ቤት እያበሰለ፣ በራሱ በር እየገባና እየወጣ ኖሯል' ይላል" አሉ ጠበቃው።

"እያበሰለ?" ኦሪሲያ ከወንበሯ ተነሳች። "እያበሰለ! ያ ልጅ እንቁላል ቀቅል ቢሉት ውሃ የሚረሳ ልጅ ነው! ፎቶ ለማንሳት ብዬ እኔ ነኝ ማንኪያውን ያስያዝኩት!"

ግሌኒስ ያን ጊዜ የመጣችበትን ቀን ኦሪሲያ አልረሳችውም። ኤምሊን ልጁን በመጠጡ ምክንያት አባሮ፣ "በሕይወት እያለሁ በዚህ በር አይገባም" ብሎ ነበር። ግሌኒስ ያለ ኮት፣ በቤት ጫማ፣ በረዶውን እየረገጠች በጎን በር መጣች። "ለአንድ ክረምት ብቻ፣ ኦሪሲያዬ። በመኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው። ይሞትብኛል" አለቻት። ሜትሮ ወዲያው አልጋ ሊገጥም ወረደ። አንዱ ክረምት ሁለት ሆነ። ኦሪሲያ አበላችው፣ ልብሱን አጠበችለት፣ መጠጡን ስትደፋበት ሰደባት፣ ማግስቱን ይቅርታ ጠይቆ አለቀሰ። ሰው ሆኖ ወጣ።

ኦሪሲያ ከጠበቃው ቢሮ በቀጥታ ግሌኒስ ቤት ሄደች። ቁልፍ ነበራት፤ አልተጠቀመችበትም። ደወሉን ደወለች። ግሌኒስ በሩን ከፍታ ስታያት ወዲያው ገባት።

"ግቢ፣ ብርድ ነው" አለች።

"አልገባም። እውነት ነው ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ኢቮር ኖሯል ወይስ አልኖረም? ምድጃ አለ ወይስ የለም?"

"ግሌኒስ!"

ግሌኒስ አፈነዳችው። "ቤቴንም ሊገዛኝ ነው፣ እሺ? ውሉ ከፈረሰ የኔንም ቦታ ይወስደዋል፤ ለሌላ ሰው ብሸጠው የማላገኘውን ይሰጠኛል። ኢቮር ባሕሩ አጠገብ ነው ያለው፣ በረዶ በማይጥልበት አገር፣ የልጅ ልጆቼ እዚያ ናቸው። እኔ ይህን ደረጃ በቂጤ እየተንሸራተትኩ ነው የምወርደው፣ ታውቂያለሽ? አታውቂም!"

"ብትነግሪኝ አውቅ ነበር።"

"መቼ ጠየቅሽኝ? 'ጓሮዬ' አልሽ፣ ኮትሽን ልበሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ እሺ፤ አዝኜልሽ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ 'አንቺስ እዚህ መቅረት ትፈልጊያለሽ ወይ?' አላልሽኝም።"

ይህ እውነት ነበር፤ ኦሪሲያ እውነት እንደሆነ ስታውቀው የባሰውን አንገበገባት። ውሸት ቢሆን ኖሮ ተሳድባ ይወጣላት ነበር።

"አልጠየቅኩሽም" አለች። "ጥፋቴ ነው። ልሸጥ ነው ብትዪኝ አልቅሼ ዕቃሽን አብሬሽ እጭን ነበር። አልሚው ጋ ሄደሽ ስለ ጉልበትሽ ብታወሪ እሰማሽ ነበር። አንቺ ግን ከነገሩ ሁሉ መርጠሽ ደግነቴን ነው የሰጠሻቸው። ልጅሽን ያሞቅኩበትን እሳት ነው አውጥተሽ የሸጥሽብኝ።"



በማግስቱ በረዶ አድሮ ነበር። ኦሪሲያ አካፋዋን ይዛ ወጣች፣ ደጃፏን ጠረገች፣ የሁለቱ ቤት ድንበር ላይ ስትደርስ ቆመች። በረዶውን ልክ በካርታው መስመር ላይ እንደ ዳቦ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችውና ወደ ቤቷ ዞረች። ግሌኒስ በመስኮት ታያት ነበር። "ሌባ" አላለቻትም።

ጠበቃ ፋርኳር መላ ነበራቸው። ኢቮርን በስልክ አግኝተውት ኖሯል። "ፈቃደኛ ነው" አሉ ደስ ብሏቸው። "አብስሎ እንደማያውቅ፣ እንግዳ እንጂ ተከራይ እንዳልነበረ ይምላል። የእናቱ ቃል በልጁ ቃል ይፈርሳል። በቃ፣ ረታን ማለት ነው።"

"አይሆንም" አለች ኦሪሲያ።

"ምን አሉኝ?"

"ልጅን በእናቱ ላይ አላስምልም።"

"ወይዘሮ ሐውሪሉክ፣ እሳቸው እኮ በእርስዎ ላይ ምለዋል!"

"እሱ የሷ ጉዳይ ነው።"

"በክሱ ሊሸነፉ ይችላሉ። ጓሮዎን ያጣሉ።"

"ሰምቻለሁ። ሌላ መንገድ ይፈልጉ።"

ሌላው መንገድ የተገኘው ከቤተ ክርስቲያኗ አዳራሽ ነው። የደብሩ ሴቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው ለሽያጭ የሚሆን ፒሮሂ ይጠቀልላሉ። ኦሪሲያ እዚያ ሊጥ እየዳመጠች ነገሩን ስትተነፍስ፣ ሐፍያ የሚሏቸው ትልቋ አሮጊት መዳመጫቸውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረጉት።

"ምን? ምድር ቤት ምድጃ ያላት ሁለተኛ ቤተሰብ አላት ነው የሚሉት? እኔ ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ ባል አለኝና የነገረኝ የለም?"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። "የኔንም ንገሩኝ፣ ፀጉር ካለው እቀበለዋለሁ" አለች አንዷ። "የመጀመሪያውን የሚወስድልኝ ካለ ይቅደም" አለች ሌላዋ። ሳቁ ሲበርድ ሐፍያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና፣ "ያ ጠበቃ የት ነው ያለው?" አሉ።

ጠበቃ ፋርኳር በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ የምስክር ሰልፍ አይተው አያውቁም። ሴቶቹ ፍርድ ቤት ተራ በተራ ገብተው ማሉ፦ በቤቴ ምድር ቤት ምድጃ አለ፣ በእናቴም ቤት ነበር፣ ጎመን ይቀቀልበታል፣ ኪያር ይታሸግበታል፣ ሌላ ቤተሰብ የለበትም። አንዷ ከምድጃዋ ጋር የተነሳችውን ፎቶ፣ ምድጃዋን እንደ ልጇ አቅፋ፣ ይዛ መጣች። ኦሪሲያ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር። ለእነዚህ ሴቶች ከሊጥ መዳመጥ በቀር ያደረገችላቸው ነገር የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ልቧን የሰጠቻት ግሌኒስ ደግሞ በዚያኛው ወገን፣ በአልሚው ጠበቃ አጠገብ ተቀምጣለች። ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈችው።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ዳኛው የወሰኑት ይህን ነው። ሁለተኛ ምድጃ ሁለተኛ ቤተሰብ አያደርግም፤ የነዚህ ሰዎች የቆየ የአኗኗር ልማድ ነው። የጎረቤት ልጅን ከብርድ ማስጠጋት ደግሞ ቤት ማከራየት አይደለም። ውሉ ጸንቷል። ስምንቱ በር ቀርቷል፤ አልሚው መሥራት ከፈለገ አንድ ቤት ይሥራ።

ጠበቃው ስልኩን ሲዘጉ ኦሪሲያ ጓሮዋ ወጣች። አሁንም በረዶ ነው፤ ገና ምንም የለም። ፀሐይዋ ግን በደቡቡ አጥር ላይ ገብታ መሬቱን ሞልታዋለች። ትንሽ ቆመችባት። ከዚያ ወደ ፊት ለፊት ዞራ የደጃፏን በረዶ ግግር መከስከስ ጀመረች፤ ሰዉ ከየበረንዳው ሲጮህላት እጇን እያነሳች።

ግሌኒስ ከሌሊት ልብሷ ላይ ኮት ደርባ፣ ዱላ ይዛ ወጣች።

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

"አመሰግናለሁ።"

"አልሚው ደወለልኝ" አለች ግሌኒስ። "ቤቴን አይፈልገውም። እስከ ትናንት 'እናቴ' ሲለኝ የነበረ ሰውዬ፣ ዛሬ 'ወይዘሮ' ብሎ ጀምሮ 'ወይዘሮ' ብሎ ጨረሰ።"

ኦሪሲያ ልትስቅ ነበር። የስንት ዘመን ልማድ ነው፤ ሳቁ ከጉሮሮዋ ደረሰ። መልሳ ዋጠችው።

"ኢቮር ሁሉንም ነገረኝ" አለች ግሌኒስ። "ሊምል ነበር። በኔ በእናቱ ላይ! አንቺ ነሽ አሉ እንቢ ያልሽው።"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን? አንድ ቃል ብትዪ እኮ ያን ቀን አልቆልሽ ነበር።"

"ላንቺ ብዬ አይደለም።"

"ለማን ታዲያ?"

"ኢቮር ማዕዴን የበላ ልጅ ነው። አንድ ቀን ይቀብርሻል። ያን ቀን እኔ ያስማልኩትን መሐላ እያሰበ አፈር እንዲያለብስሽ አልፈለግኩም።"

ግሌኒስ እንባዋ ወረደ፤ ዱላ በያዘ እጇ መጥረግ አልቻለችም። "ምን ላድርግልሽ? የፈለግሽውን ንገሪኝ። ተንበርከኪ ብትዪኝ ጉልበቴ አይታጠፍም እንጂ..."

"ምንም አታድርጊ።"

"ጎረቤት ነን እኮ፣ ኦሪሲያዬ።"

ኦሪሲያ መከስከሷን አቆመች። "አዎ፣ ጎረቤት ነን። ውሉ አንቺን ከኔ፣ እኔን ካንቺ አስሯል፤ ዳኛውም አጸኑት። ደጃፍ ላይ ብትወድቂ አነሳሻለሁ። ቤትሽ ጭስ ካየሁበት ቀድሜ የምሮጠው እኔ ነኝ። ሾርባም ከታመምሽ አመጣልሻለሁ። ግን ደወሉን ደውዬ ነው የምሰጥሽ፣ አልገባም። ከዚያ ያለፈው ነገር ካርታ ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ እሱን ነው የሸጥሽው።"

አለችና የግሌኒስን የቤት ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት። ግሌኒስ ጣቶቿን አላጠፈቻቸውም። ኦሪሲያ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ቀስ ብላ፣ ሳታጋጭ።

ሰፈሩ እስካሁን ይጯጯሃል። እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ ስጽፍ አሁን ገና ትዝ አለኝ፤ ዛሬ የፒሮሂ ቀን ነው! ሐፍያና ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ናቸው፤ ስልካቸው ኮታቸው ውስጥ፣ ኮታቸው ግድግዳ ላይ፣ እጃቸው እስከ ክርን ሊጥ ነው። ቢደወል የሚያነሳ የለም። ያን ሁሉ መሐላ ምለው መርታታቸውን አልሰሙም ማለት ነው! መኪናዬን በረዶው ሳይጨምርባት ላስነሳት፤ ሄድኩ።